ሁለቱ ዲናር፦ ስለ ማኅበረሰብ ጤና ሠራተኞች ሥራና ደመወዝ



የደጉ ሳምራዊን ምሳሌ (ሉቃ. 10፥25-37) ከልጅነታችን ጀምሮ እናውቀዋለን፤ ለሕፃናትም እናስተምረዋለን። በምናስተምርበት ጊዜ ግን ብዙውን ጊዜ ልባችን የሚያርፈው ሳምራዊው በቁስለኛው ላይ ዘይትና ወይን ጠጅ ባፈሰሰበት ስፍራ ነው። የምሳሌው መጨረሻ ሌላ ትምህርት ይዞ ይጠብቀናል። ሳምራዊው በማግሥቱ ሁለት ዲናር አውጥቶ ለማደሪያው ጠባቂ ሰጠ፤ ከዚህ በላይ ወጪ ቢኖርም በተመለሰ ጊዜ እንደሚከፍል ቃል ገባ። በዚያ ዘመን አንድ ዲናር የአንድ ሠራተኛ የቀን ዋጋ እንደ ነበረ ከወይኑ ቦታ ሠራተኞች ምሳሌ (ማቴ. 20፥2) እንረዳለን። እንግዲህ ሳምራዊው የራሱን ድካም፣ የራሱን ዘይትና የራሱን አህያ በነጻ ሰጠ፤ የማደሪያውን ጠባቂ ግን እኔ በነጻ እንዳደረግሁ አንተም በነጻ አስታምመው አላለውም። ለራሱ ፍቅርን መረጠ፤ ለሌላው ዋጋውን ከፈለ። ምሕረቱ በዚህ አልጐደለም፤ እንዲያውም በዚህ ተፈጸመ።

ይህን ትንሽ የምትመስል ነጥብ ያነሣነው ያለ ምክንያት አይደለም። በሀገራችንም ሆነ በሌላው ዓለም በሽተኛን የሚጠይቁ፣ እናቶችን የሚመክሩ፣ ሕፃናትን የሚያስከትቡ ብዙ ሴቶችና ወንዶች አሉ፤ ከእነርሱም ከፊሎቹ ደመወዝተኞች፣ ከፊሎቹ በጎ ፈቃደኞች ይባላሉ። ለመሆኑ አንድ ሰው ለታመመው ጎረቤቱ የሚያደርገው አገልግሎት መቼ ስጦታ ይባላል? መቼስ ሥራ ይባላል? ሥራ ሆኖ ሳለ ሳይከፈልበት ቢቀር፣ በፍቅር ስም ስለ ተሠራ ብቻ ፍትሕ ተጠብቋል ማለት ይቻላልን? በዚህ ጽሑፍ የምንመረምረው ይህንን ነው።

በደጃችን የሚያንኳኳው እጅ

ከዚራ ከባቡሩ ጋር የተወለደች ሰፈር ናት። ሐዲዱ በ1895 ዓ.ም. ድሬዳዋ ከደረሰ በኋላ ከደቻቱ ወንዝ ማዶ መንገዶቿ በመስመር ተቀይሰው፣ ዛፎችም ተተክለውላት፣ የምድር ባቡር ሠራተኞች ከየአገሩ ተሰባስበው ኖሩባት። ስለዚህ ደመወዝ ምን እንደ ሆነ ለከዚራ ሰው ማስረዳት አያስፈልግም። በወር መጨረሻ በፊርማ የሚወሰድ ደመወዝና በእርጅና ዘመን የሚከተል ጡረታ የብዙ ቤተሰብ ኑሮ የቆመባቸው ምሰሶዎች ነበሩ።

ይህችው ከተማ በቅርብ ዓመታት ሌላም ነገር ተምራለች። በ2006 ዓ.ም. መግቢያ የደንጊ ትኩሳት በወረርሽኝ መልክ ተነሣ። ከሐምሌ 2011 እስከ ጥቅምት 2012 ዓ.ም. ቺኩንጉንያ ከ40 ሺህ በላይ ሰዎችን በየመኝታቸው አስተኛ፤ መገጣጠሚያን የሚያሳስረው የዚያ በሽታ ሕመም ዛሬም ድረስ የሚታወሳቸው ብዙዎች ናቸው። ከጥር እስከ ግንቦት 2014 ዓ.ም. ደግሞ ወባ፣ ዝናብ በሌለበት ወቅት፣ በከተማው መካከል ተቀሰቀሰ። ለዚህ ምክንያት ሆና የተገኘችው አኖፌለስ ስቴፈንሲ የተባለች፣ ከእስያ የመጣች የወባ ትንኝ ናት፤ በሀገራችን ለመጀመሪያ ጊዜ የታየችውም እ.ኤ.አ. በ2016 በቀብሪ ደሃር ነበር።

እነዚህ ሦስት በሽታዎች አንድ የሚያደርጋቸው ነገር አለ። ደንጊንና ቺኩንጉንያን የምታስተላልፈው ትንኝም ሆነች ይህች አዲስ መጥ የወባ ትንኝ የምትራባው ሰው ለቤቱ ብሎ በሚያጠራቅመው ውኃ ውስጥ ነው። ሙቀት በበዛበትና ውኃ በማይታመንበት አገር በርሜል፣ ባልዲና ሮቶ የሌለው ግቢ የለም። ስለዚህ እነዚህን በሽታዎች ሐኪም በሆስፒታል ውስጥ ብቻውን ሊያሸንፋቸው አይችልም። መጀመሪያ የሚሸነፉት የበርሜሉ ክዳን ሲነሣ፣ እጭ መኖሩ ሲታይ፣ ውኃው ሲደፋ ወይም ሲከደን ነው። ይህንንም የሚያደርግ ሰው ከከዚራ እስከ መጋላ፣ ከለገሀሬ እስከ ሳቢያንና ገንደ ቆሬ በፀሐይ እየተጓዘ፣ በእያንዳንዱ ደጅ እያንኳኳ፣ አንዱን በኦሮምኛ፣ ሌላውን በሶማልኛ፣ ሦስተኛውን በአማርኛ ሰላም እያለ መግባት አለበት። አንዱ በሩን ይከፍታል፤ አንዱ ውሻውን ይለቅቃል፤ አንዱም «ትናንት መጥታችሁ አልነበረም ወይ?» ብሎ ይመልሳል። ይህ ሥራ ካልሆነ ሥራ የሚባለው ምን እንደ ሆነ አናውቅም።

አንድ ሀገር፣ ሁለት ዓይነት አገልጋዮች

የማኅበረሰብ ጤና ሠራተኛ የሚለው አሳብ በዓለም መድረክ በጉልህ የተነገረው እ.ኤ.አ. በመስከረም 1978 በአልማ አታ በተደረገው ዓለም አቀፍ ጉባኤ ነው። የመጀመሪያ ደረጃ ጤና ክብካቤ ከሕዝቡ መካከል በወጡ ሠራተኞች ጭምር እንዲሰጥ ጉባኤው አሳሰበ። በሀገራችንም በዚያው ዘመን የጤና ወኪሎችና የልምድ አዋላጆች አጫጭር ሥልጠና እየተሰጣቸው ወደየቀበሌያቸው ይመለሱ ነበር።

ከዚያ ወዲህ የተወሰደው ትልቁ እርምጃ በ1995 ዓ.ም. የተጀመረው የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም ነው። አሥረኛ ክፍል የጨረሱ ወጣት ሴቶች አንድ ዓመት ሠልጥነው፣ በእያንዳንዱ የገጠር ቀበሌ ሁለት ሁለት እየሆኑ በጤና ኬላ ተመደቡ። በ2002 ዓ.ም. ገደማ ደግሞ በከተሞች ነርሶች ተጨማሪ ሥልጠና ወስደው፣ ለእያንዳንዷ ወደ 500 የሚጠጉ አባወራዎች ተሰጥተዋት፣ በቤት ለቤት አገልግሎት ተሰማሩ። በመላ ሀገሪቱ ቍጥራቸው ከ30 ሺህ በላይ ሆነ። እ.ኤ.አ. በ2000 ዓመት ከ1,000 ሕፃናት 166ቱ አምስት ዓመት ሳይሞላቸው ይሞቱ ነበር፤ በ2016 ይህ ቍጥር 67 ሆኗል። ይህ ሁሉ የእነዚህ ሴቶች ሥራ ብቻ ነው አንልም፤ ያለ እነርሱ ክትባቱም ምክሩም ከብዙ ቤቶች ይደርስ ነበር የሚል ግን አይገኝም።

በዚህ ፕሮግራም ውስጥ ከሁሉ የሚበልጠው የፍትሕ ቁም ነገር፣ እነዚህ ሴቶች እንደ መንግሥት ሠራተኞች ተቀጥረው በየወሩ ደመወዝ እንዲከፈላቸው መደረጉ ነው። በብዙ አገሮች እንዲህ ያለ አገልግሎት በነጻ እንዲሰጥ በሚጠበቅበት ዘመን፣ ድኻ የምትባል ሀገር ይህን ማድረጓ ሊመሰገን ይገባል። ደመወዙ ከኑሮው ውድነት ጋር ይመጣጠናል ወይ የሚለው ግን ሌላ ጥያቄ ነው። በግንቦት 2017 ዓ.ም. የሀገሪቱ የጤና ባለሙያዎች ያነሡት የደመወዝ ጥያቄ ጉዳዩ የብዙ ቤት ችግር መሆኑን አሳይቷል።

ከእነዚህ ደመወዝተኞች በታች ግን ሌላ ረድፍ ነበረ። ከ2003 ዓ.ም. ጀምሮ የጤና ልማት ሠራዊት በሚል ስም፣ ከ25 እስከ 30 የሚሆኑ ቤቶች በአንድ ቡድን፣ በውስጡም በአንድ ለአምስት ተደራጅተው፣ የየቡድኑ መሪ የሆኑ ሴቶች ጎረቤቶቻቸውን እንዲያስተምሩ፣ ነፍሰ ጡሮችን እንዲመዘግቡ፣ ወደ ጤና ተቋም እንዲልኩ፣ በስብሰባ እንዲገኙና ሪፖርት እንዲያቀርቡ ተደረገ። በሀገር አቀፍ ደረጃ የተሰለፉት ሴቶች በሚሊዮን የሚቈጠሩ ነበሩ። ለእነዚህ ግን ደመወዝ አልተመደበም፤ አገልግሎታቸው የበጎ ፈቃድ ነው ተባለ።

ከዚያ ቀደም ብሎ፣ በኤች አይ ቪ ኤድስ የመከራ ዓመታት፣ በአዲስ አበባ ብዙ በጎ ፈቃደኞች የታመሙትን በየቤታቸው ያጥቡ፣ መድኃኒታቸውን በሰዓቱ እንዲወስዱ ያስታውሱ፣ ያጽናኑም ነበር። ኬኔት ሜስ የተባለ አሜሪካዊ የሥነ ሰብእ ተመራማሪ እነዚህን ሰዎች በቅርብ አጥንቶ እ.ኤ.አ. በ2017 መጽሐፍ አሳትሟል። በጥናቱ ካገኛቸው ነገሮች አንዱ ልብ የሚነካ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2008 የእህል ዋጋ በናረበት ወቅት ካነጋገራቸው በጎ ፈቃደኞች አብዛኞቹ ራሳቸው በቂ ምግብ የማያገኙ ነበሩ። የተራበው የተራበውን ያስታምም ነበር ማለት ነው። በፍቅር ያደርጉት እንደ ነበረ አንጠራጠርም። ነገር ግን የእነርሱ ፍቅር፣ እነርሱን ያሠማራቸውን ወገን ከዕዳው ነጻ ያወጣዋልን?

ስጦታና ዕዳ

ቅዱስ ቶማስ አኵናዊ እንደሚያስተምረን ፍትሕ ማለት ለእያንዳንዱ የራሱ የሆነውን ለመስጠት የጸና ፈቃድ ነው። ስጦታ ግን የራሴ የሆነውን ለሌላው መስጠት ነው። ልዩነቱ ቀላል ይመስላል፤ ሆኖም ሁለቱ ሲደባለቁ ትልቅ ስሕተት ይወለዳል። የሠራተኛውን ደመወዝ በእጄ ይዤ ለእርሱ ምሳ ብጋብዘው ቸር አልባልም፤ ገና ዕዳዬን አልከፈልሁምና። ሁለተኛው የቫቲካን ጉባኤ ስለ ምእመናን ሐዋርያዊ ሥራ እ.ኤ.አ. በ1965 ባወጣው ድንጋጌ፣ አስቀድሞ የፍትሕ ግዴታ እንዲፈጸም፣ በፍትሕ የሚገባው ነገርም የፍቅር ስጦታ መስሎ እንዳይቀርብ አጥብቆ ያሳሰበው ስለዚህ ነው። ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት በነዲክቶስ 16ኛም እ.ኤ.አ. በ2009 በጻፉት ሐዋርያዊ መልእክት፣ ፍቅር ከፍትሕ የሚበልጥ ቢሆንም ያለ ፍትሕ ከቶ እንደማይቆም አስተምረዋል።

እዚህ ላይ አንድ ሰው ቅዱስ ጳውሎስን ሊያስታውሰን ይችላል። ሐዋርያው ለማንም ሸክም እንዳይሆን በእጁ እየሠራ ወንጌልን በነጻ ሰበከ አይደለምን? አዎን፤ ነገር ግን ይህን የሚነግረንን ምዕራፍ (1ኛ ቆሮ. 9) ከመጀመሪያው እናንብበው። ጳውሎስ መጀመሪያ የሚያደርገው፣ ወንጌልን የሚሰብክ ሰው ከሥራው የመኖር መብት እንዳለው በወታደሩ፣ በወይን ተካዩ፣ በእረኛውና በሚያበራየው በሬ ምሳሌ ማስረዳት ነው። መብቱን ካጸና በኋላ ነው እኔ ግን አልተጠቀምሁበትም የሚለው። እንግዲህ ልብ እንበል፤ ጳውሎስ የተወው የራሱን መብት ነው። የቆሮንቶስ ሰዎች በእርሱ ፋንታ አልተዉለትም። የሌሎቹን ሐዋርያት መብትም እርሱ አልተወባቸውም። መብትን መተው የሚችለው ባለ መብቱ ብቻ ነው፤ ለመተውም መጀመሪያ መብቱ መኖሩ መታወቅ አለበት። በሳምራዊውና በማደሪያው ጠባቂ መካከል ያየነው ይኸው ነው።

ከዚህ የምናገኘው ትምህርት ግልጽ ነው። የራሴን ድካም በነጻ ልሰጥ እችላለሁ፤ ይህም ቅድስና ነው። የሌላውን ድካም ግን በእርሱ ስም በነጻ ልሰጥ አልችልም፤ ይህ በሌላ ሰው ገንዘብ መመጽወት ነው። ነቢዩ ኤርምያስ ጎረቤቱን ያለ ዋጋ እያሠራ ቤቱን በሚሠራ ላይ ወዮታን ያወጀው (ኤር. 22፥13) ለንጉሥ ነበር፤ ወዮታው ግን ጤና ኬላንም ሆነ ቤተ ክርስቲያንን በዚህ መንገድ ለሚሠራ ሁሉ ይደርሳል።

ሦስት ተቃውሞዎች

አንደኛ፣ ገንዘብ ፍቅርን ያበላሻል የሚሉ አሉ። ደመወዝ የምትቀበል ሴት ለበሽተኛው ሳይሆን ለደመወዟ ትሠራለች ይላሉ። ይህ አነጋገር እውነት ቢሆን ኖሮ ስለ ሐኪሙም፣ ስለ መምህሩም፣ ከመሠዊያው ድርሻ ስለሚኖረው ካህንም እውነት በሆነ ነበር። ስለ እነርሱ ግን እንዲህ አይባልም፤ የሚባለው ከሁሉ ያነሰ ስለሚያገኙት ሴቶች ነው። ለሐኪሙ ፍቅርና ደመወዝ አብረው መኖር ከቻሉ ለመንደር ጤና ሠራተኛዋ የማይችሉበት ምክንያት ምንድን ነው? ፍቅርን የሚያበላሸው ተገቢ ደመወዝ አይደለም። ነገ ለልጆቿ ምን እንደምታበላ የማታውቅ እናት ልቧ ለሁለት መከፈሉ ነው። የዓለም ጤና ድርጅትም እ.ኤ.አ. በ2018 ባወጣው መመሪያ፣ የማኅበረሰብ ጤና ሠራተኞች ከሥራቸው ክብደትና ከሰዓታቸው ጋር የተመጣጠነ ክፍያ እንዲያገኙ፣ ክፍያቸውም በተቈጠረ ውጤት ላይ ብቻ እንዳይመሠረት፣ ግዴታቸውና መብታቸው በጽሑፍ ስምምነት እንዲሰፍር መክሯል።

ሁለተኛ፣ ሀገሪቱ ድኻ ናት፤ ከየት አምጥታ ትከፍላለች? ይላሉ። ይህ እውነተኛ ችግር ነው፤ አናቃልለውም። ነገር ግን ድህነት ሁላችንንም የሚመለከት ከሆነ ሸክሙም ለሁላችን መከፋፈል አለበት። የሥራው አቃጅ ደመወዝ ሲያገኝ፣ ተቈጣጣሪው ደመወዝና የውሎ አበል ሲያገኝ፣ መኪናው ነዳጅ ሲያገኝ፣ «ገንዘብ የለም» የሚለው ቃል በእግሯ ከምትሄደው ሴት ላይ ብቻ የሚደርስ ከሆነ፣ ይህ ድህነት ሳይሆን የድህነት አከፋፈል ነው። በእውነት መክፈል የማይቻል ከሆነም ፍትሕ መንገድ አያጣም፤ የማይከፈለውን ሥራ መቀነስ ይቻላል። በሳምንት አንድ ሰዓት ለጎረቤት ምክር መስጠት ጉርብትና ነው፤ በሳምንት ሦስት ቀን መመዝገብ፣ መዞር፣ መሰብሰብና ሪፖርት ማድረግ ግን የሙያ ሥራ ነው። ሳንከፍል ልንጠይቀው የምንችለው የመጀመሪያውን ብቻ ነው።

ሦስተኛ፣ ወደውና ፈቅደው የገቡበት ነው ይላሉ። ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ልዮን 13ኛ ስለ ሠራተኞች ሁኔታ እ.ኤ.አ. ግንቦት 15 ቀን 1891 ባወጡት መልእክት ለዚህ መልስ ሰጥተዋል። ሠራተኛ በችግር ተገድዶ ወይም የባሰውን ፈርቶ የተቀበለው ውል፣ እሺ ብሎ ስለ ፈረመበት ብቻ ፍትሓዊ አይሆንም ሲሉ አስተምረዋል። ይህን ወደ መንደራችን እናምጣው። አንዲት ሴት እንቢ ብትል ቀበሌው በክፉ ዓይን እንዳያያት የምትፈራ ከሆነ፣ ወይም «ዛሬ በነጻ አገልግዪ፤ ነገ ቅጥር ይመጣል» እየተባለች ዓመታት የምታሳልፍ ከሆነ፣ በጎ ፈቃድ የተባለው ነገር ፈቃድነቱን አጥቷል። ላም አለኝ በሰማይ ወተቷንም አላይ የሚባለው ለእንዲህ ዓይነቱ ተስፋ ነው።

ምስጋናስ? ምስጋና መልካም ነው፤ ደመወዝን ግን አይተካም። የሕንድ ሀገር በ2005 እ.ኤ.አ. የጀመረችው አሻ የተባለው የመንደር ጤና ሠራተኞች ሥርዓት በዚህ ረገድ ያስተምረናል። እነዚያ ሴቶች በቍጥር ከ10 መቶ ሺህ የማያንሱ ሲሆኑ እ.ኤ.አ. በግንቦት 2022 ከዓለም ጤና ድርጅት የክብር ሽልማት ተቀብለዋል። ሽልማቱን የሰጡትም ቀድሞ በሀገራችን የጤና ጥበቃ ሚኒስትር ሆነው የጤና ኤክስቴንሽኑን ፕሮግራም ያስፋፉት ዶክተር ቴዎድሮስ አድኃኖም ነበሩ። ሆኖም በሕንድ አሻዎች እንደ ሠራተኛ ሳይሆን እንደ በጎ ፈቃደኛ ተቈጥረው በየሥራው ቍራጭ አበል ይሰጣቸው ስለ ነበር፣ ከሽልማቱ በፊትም በኋላም ቋሚ ደመወዝ እየጠየቁ አደባባይ ወጥተዋል። የክብር ሽልማት ግድግዳ ላይ ይሰቀላል፤ ጤፍ ግን አይገዛም።

ደቦ ምን ያስተምረናል?

አንዳንዶች ነጻ አገልግሎት የባህላችን ነው፤ ደቦና ወንፈል፣ በሐረርጌም ጉዛ የምንለው ምንድን ነው? ይሉናል። ጥሩ ጥያቄ ነው። ደቦ ግን በአንድ ወገን ብቻ የሚፈስ ወንዝ አይደለም። ዛሬ የአንተን ማሳ ያጨደ ነገ የእርሱ ማሳ ይታጨድለታል። ባለ ማሳው ደግሞ ያበላል፣ ያጠጣል፤ ደቦኛውን በባዶ ሆዱ መሸኘት ነውር ነው። ዕድርም እንዲሁ ነው፤ የሌላውን ሐዘን የተሸከመ በራሱ ሐዘን ጊዜ ብቻውን አይቀርም። እንግዲህ አባቶቻችንና እናቶቻችን በነጻ መሥራትን ሳይሆን መተካከስን ነው ያወረሱን። ጎረቤቶቿን ሁሉ እያስከተበች የራሷ ጎጆ ሲያፈስስ የሚክድንላት የሌላት ሴት በደቦ ውስጥ አይደለችም። ባህላችንን መጥራት የሚፈልግ ሁሉ ሙሉውን ባህል ይጥራ።

መለያ ምልክቶች

ለትምህርተ ክርስቶስ መምህራን በቡድን ውይይት ጊዜ የሚረዱ አራት ጥያቄዎችን እናቀርባለን። አንድ አገልግሎት ስጦታ ይሁን ሥራ በእነዚህ መለየት ይቻላል።

አንደኛ፣ አገልጋዩ ያለ ጉዳትና ያለ ፍርሃት እንቢ ማለት ይችላልን? ሁለተኛ፣ ሰዓቱን የሚወስነው እርሱ ነው ወይስ ሌላ? ሦስተኛ፣ የሥራው ውጤት ተቈጥሮ በሌላ ሰው ሪፖርት ውስጥ ይገባልን? አራተኛ፣ አገልጋዩ በዚያ ቀን በዚህ አገልግሎት ምክንያት የቤተሰቡን እንጀራ ያጣልን?

እንቢ ማለት የሚችል፣ ጊዜውን ራሱ የመረጠ፣ ማንም የማይቈጥርበት፣ ከተረፈው የሚሰጥ ሰው በእውነት በጎ ፈቃደኛ ነው፤ እግዚአብሔር ይባርከው። እንቢ ማለት የማይችል፣ ሰዓቱ የታዘዘበት፣ ውጤቱ የተቈጠረበት፣ እንጀራውን የሚያጣ ሰው ግን ስሙ ምንም ይሁን ሠራተኛ ነው፤ ሠራተኛ ደግሞ ዋጋው ይገባዋል። ሥራን የሚቈጥር ሰው ዋጋውንም ሊቈጥር ግድ ነው።

ከእግዚአብሔር ቤት ይጀመር

እስካሁን የተናገርነው መንግሥትንና ድርጅቶችን ብቻ የሚመለከት ቢመስለን ግማሹን ብቻ ሰምተናል። እ.ኤ.አ. በ1971 በሮም የተሰበሰበው የጳጳሳት ሲኖዶስ፣ ስለ ፍትሕ ለመናገር የሚደፍር ሁሉ አስቀድሞ በሰዎች ፊት ፍትሓዊ ሆኖ መገኘት እንዳለበት ገልጾ፣ ቤተ ክርስቲያንን የሚያገለግሉ ካህናት፣ ደናግልና ምእመናን በቂ መተዳደሪያ እንዲያገኙ አሳስቧል። ይህ ምክር ብቻ ሳይሆን ሕግም ነው። እ.ኤ.አ. በ1983 የወጣው ሕገ ቀኖና በቍጥር 231፣ በቤተ ክርስቲያን ልዩ አገልግሎት ላይ የተሰማሩ ምእመናን ለራሳቸውና ለቤተሰባቸው የሚሆን ተገቢ ክፍያ፣ እንደዚሁም ለእርጅናና ለሕመም የሚሆን ዋስትና የማግኘት መብት እንዳላቸው ይደነግጋል። በቍጥር 1286 ደግሞ የቤተ ክርስቲያንን ንብረት የሚያስተዳድሩ ሁሉ የሀገሩን የሥራ ሕግ እንዲጠብቁና ትክክለኛ ደመወዝ እንዲከፍሉ ያዝዛል።

ቤተ ክርስቲያናችን ክሊኒክ፣ ትምህርት ቤትና የልማት ሥራ አላት፤ በእነዚህም ሁሉ ከደመወዝተኛው ጎን በነጻ የሚያገለግል አለ። የትምህርተ ክርስቶስ መምህሩም እንዲሁ ነው። ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ፍራንቸስኮስ እ.ኤ.አ. ግንቦት 10 ቀን 2021 የትምህርተ ክርስቶስ መምህርነትን በይፋ የቤተ ክርስቲያን አገልግሎት አድርገው ሲሠይሙ ክብሩን ከፍ አድርገዋል። ክብሩ ከፍ ባለ መጠን በሩቅ ገጠር ከመንደር ወደ መንደር በእግሩ የሚሄደውን መምህር ኑሮ መጠየቅም የዚያኑ ያህል ግዴታ ይሆናል። ስለዚህ በየቁምስናው ምክር ቤት ሊጀመሩ የሚችሉ ጥቂት ነገሮችን እንጠቁማለን።

በቁምስናው ስም በሽተኛ የሚጠይቅ፣ የሚያስተምር ወይም የሚያደራጅ ሰው ሁሉ ምን እንደሚሠራና ስንት ሰዓት እንደሚሠራ በጽሑፍ ይታወቅ። የታክሲ፣ የባጃጅና የምሳ ወጪ ከአገልጋዩ ኪስ አይውጣ። በነጻ የሚያገለግል ሰው በፈለገ ጊዜ ያለ ወቀሳ ማረፍ እንደሚችል ይነገረው። ሥራው በአራቱ ጥያቄዎች ሲመዘን የሠራተኛ ሥራ ሆኖ ከተገኘ ወይ ይከፈልበት፣ ወይ ይቀነስ። አዲስ የልማት ሥራ ሲታቀድም የመንደሩ አገልጋይ ዋጋ ከበጀቱ መጀመሪያ ላይ ይጻፍ፤ መጨረሻ ላይ የሚጻፍ ብዙውን ጊዜ ሳይጻፍ ይቀራልና።

እኛም በየቤታችን የምናደርገው አለ። በቤት ለቤት ዘመቻ ወደ ግቢያችን የምትገባው የጤና ባለሙያ ለማኝ አይደለችም፤ ሰላይም አይደለችም። በሩን ከፍተን፣ ቀዝቃዛ ውኃ አቅርበን፣ የበርሜላችንን ክዳን ራሳችን እናንሣላት። ይህም ከደመወዟ የሚቈጠር አይደለም፤ ከእኛ የሚጠበቅ የጉርብትና ስጦታ ነው። ስለ ደመወዟ ደግሞ ቃላችን በሚሰማበት ስፍራ ሁሉ፣ በቀበሌም ሆነ በዕድር ስብሰባ፣ ዝም አንበል።

ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ዮሐንስ ጳውሎስ ዳግማዊ ስለ ሰው ሥራ እ.ኤ.አ. በ1981 በጻፉት መልእክት፣ የአንድ ሀገር የኑሮ ሥርዓት ፍትሓዊ መሆኑ የሚፈተነው ለሥራ በሚከፈለው ትክክለኛ ዋጋ ነው ብለዋል። ፈተናው ለታላላቆቹ ብቻ የቀረበ አይደለም። ጦቢት ልጁን ሲመክር የሠራተኛ ዋጋ በቤቱ እንዳያድር አዝዞታል (ጦቢት 4፥14)፤ ጦቢት በስደት አገር የሚኖር፣ በኋላም ዓይኑ የታወረና ንብረቱን ያጣ ሰው እንጂ ንጉሥ አልነበረም። ያለው ጥቂት የሆነ ሰውም ከጥቂቱ ዕዳውን ይከፍላል፤ ከዚያ በኋላ የተረፈውን በፍቅር ይሰጣል።

በሽተኞቻችንን የሚጠብቁትን እጆች እግዚአብሔር ያበርታቸው፤ እኛንም ሁለቱን ዲናር ቈጥረን የምንሰጥ ያድርገን። አሜን።